ጨረታው ሳይከፈት አሸናፊው የሚታወቅበት ወረዳ፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጠራቢው (ክሩን የጀመረ)፣ እሑድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

እኛ ስምንት ሆነን የተደራጀን የኮብልስቶን ማኅበር ነን። ድንጋይ በመጥረብ ጀመርን። አሁን ንጣፍም የጎርፍ መውረጃ ቦይም እንሠራለን። አንዷ አባላችን ሁለት ልጆች ብቻዋን ነው የምታሳድገው። የሥራ ጓንቷን ከአሮጌ ጂንስ ራሷ ሰፍታዋለች። ጨረታ ሲበላሽ ጉዳቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ እንድታውቁት ብዬ ነው ይህን የምነግራችሁ።

ባለፈው ወር ወረዳችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ንጣፍ ጨረታ አወጣ። ሰነድ ገዛን። ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ሳነበው አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። «ባለፉት 2 ዓመታት በዚሁ ወረዳ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ማቅረብ የሚችል» ይላል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት በወረዳችን ንጣፍ የሠራ አንድ ድርጅት ብቻ ነው። እኛ ጎረቤት ወረዳ ሁለት መንገድ ጨርሰን አስረክበናል። በዚህ መስመር ግን አይቆጠርልንም።

ያ ድርጅት የማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለቤቱ ግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ ውስጥ ያለ የአንድ ኃላፊ የሚስት ወንድም ነው።

እንዲያም ሆኖ አስገባን። መክፈቻው ቀን ሦስት ተወዳዳሪ ነበርን። ዋጋ ሲነበብ ዝቅተኛው የእኛ ነው። ከዚያ ጠብቁ ተባልን። ባለፈው ዓርብ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። እኛ «መስፈርት ባለማሟላት» ወድቀናል። ያሸነፈው ያው የታወቀው ነው።

በእጄ ያለው የጨረታ ሰነዱ፣ መክፈቻው ላይ በማስታወሻዬ የያዝኩት ዋጋና የሰሌዳው ወረቀት ፎቶ ነው። ዝምድናውን በወረቀት ማሳየት አልችልም። ግማሾቻችን እናመልክት እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ «ከዚህ በኋላ ሥራ የሚባል አናይም» ብለው ፈርተዋል። ያለፈበት ካለ ይምከረን።

ብሎኬት

ወንድሜ፣ አይዞህ። ይሄ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኜ ሁለቴም ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ ሥራ የሰጠኝ ሰው ግን የለም። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ሒሳቡን ግን ደግማችሁ ሥሩት።

ሞዴል 19

ዘጠኝ ዓመት ወረዳ ላይ የግዥ ባለሙያ ነበርኩ። ያንተ ወረዳ አይደለም፤ ክልሉም ሌላ ነው። ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ።

ሰው ጉቦ ሲባል ፖስታ ውስጥ ያለ ብር ነው የሚታየው። ወረዳ ላይ ግን ነገሩ የሚያልቀው ስፔሲፊኬሽን (የሚፈለገው ዕቃ ወይም ሥራ ዝርዝር መስፈርት) ሲጻፍ ነው። አንዲት መስመር ትገባለች። ግዥው ፕሪንተር ከሆነ አንድ አቅራቢ ብቻ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሞዴል ቁጥር ይጻፋል። ግንባታ ከሆነ ያንተ ዓይነት መስመር ይጨመራል፤ ወይም ያ ሰው ያለው ማሽን በዓይነቱ ተለይቶ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሥርዓቱን የጠበቀ ነው። ማስታወቂያ ይወጣል። ሣጥን ይታሸጋል። ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። ኦዲተር ቢመጣ ፋይሉ ሙሉ ነው።

ሌላው መንገድ መከፋፈል ነው። ግልጽ ጨረታ ከሚያስፈልገው የገንዘብ መጠን በታች እንዲሆን አንዱን ግዥ ሦስት ቦታ ይቆርጡታል። ከዚያ በፕሮፎርማ፣ ማለትም ከጥቂት አቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ብቻ በመሰብሰብ፣ ይገዛል። ሕጉ ይህን ይከለክላል። ግን አንዱ ወረቀት በመስከረም፣ አንዱ በኅዳር፣ አንዱ በጥር ሲመጣ ማን ቁጭ ብሎ ያገናኘዋል?

አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ለቢሮ ዕቃ ሦስት ፕሮፎርማ መጣ። ሦስት የተለያየ ማኅተም፣ ሦስት የተለያየ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር። ሦስቱም ላይ «ተሽከርካሪ ወንበር» የሚለው «ተሽካርካሪ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስቱም ላይ 7 ቁጥር ወገቧ ላይ ጭረት አላት። አንድ እጅ ነው የጻፈው። አልፈርምም አልኩ። «ከላይ የመጣ ነው» ተባልኩ። እንግዲያው በጽሑፍ ይሰጠኝ አልኩ። በጽሑፍ የሚሰጥ ሰው አልተገኘም። ወር ሳይሞላ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ደሞዜ አልተነካም። ሥራዬ ግን የአሮጌ ፋይል አቧራ ማራገፍ ሆነ። በመጨረሻ ለቀቅሁ።

እነዚያን ፕሮፎርማዎች ግን ፎቶ አላነሣኋቸውም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ሚዛን

የማልስማማበትን ልናገር፤ አትቆጡኝ።

ዝምድና ብቻውን ጥፋት አይደለም። እኔ ያደግሁበት ከተማ ያልተዛመደ ሰው የለም። ያልተዛመደው አበልጅ ነው። አበልጅ ያልሆነው በዕቁብ ወይም በዕድር ይገናኛል። ኃላፊ የሆነ ሰው ዘመዱ ሁሉ ንግድ ይዝጋ ማለት ነው? ያ ሰውዬ ደግሞ በርግጥ ጎበዝ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። የመልካም ሥራ አፈጻጸም መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ገንዘብ ወስዶ የጠፋ ማኅበር ስንት አይተናል። መድረክ ላይ «ሌባ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ያ ሰው ልጆች አሉት፤ ሚስት አለችው፤ ስም አለው።

ጠራቢው

ሚዛን፣ አልተቆጣሁም። ለዚህ ነው የማንንም ስም፣ የወረዳውንም ስም ያልጠራሁት።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሆን ብዬ እሱ ከሁለት ዓመት በፊት ያነጠፈውን መንገድ ሄጄ አየሁት። እውነቱን ልናገር። ከዋናው መንገድ የሚገባው የመጀመሪያው ክፍል ጥሩ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ድንጋዩ አይነቃነቅም። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ይለያል። ከድንጋዩ ሥር የሚገባው አሸዋ ሣሥቷል። በእግሬ ስረግጠው የሚንቀጠቀጥ ድንጋይ ነበር። ዳርና ዳር የሚይዘው ከርብስቶን ሁለት ቦታ ወደ ቦዩ ዘምሟል። ከርብስቶን ከለቀቀ ንጣፉ በጊዜ ብዛት ይከፈታል፤ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ ጎበዝ አይደለም አልልም። ግን ከእኛ ጋር ተወዳድሮ ያሸንፈኝ። ሳንወዳደር መሸነፋችን ነው የሚያንገበግበኝ።

እማማ ቤት

እኔ ጨረታ አላውቅም ልጆቼ። የማውቀው ይህን ነው። እኛ ሰፈር ኮብል ሲነጠፍ ነዋሪው ከየቤቱ አዋጥቷል። ጡረተኛ ናቸው የተባሉ ጎረቤቴ ሳይቀሩ ከጡረታቸው ቀንሰው ሰጥተዋል። ደረሰኙ አሁንም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ክረምት ሲመጣ ድንጋዩ ተነቅሎ ውሃ ይቋጥራል። ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጫማቸውን አውልቀው ይሻገራሉ። ማን እንደሠራው ስንጠይቅ ወረዳው ወደ ሠሪው፣ ሠሪው ወደ ወረዳው ይጠቁማል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። የከፈልነው እኛ ነን፤ ማን ምን ብሎ እንደተረከበው የማወቅ መብት የለንም ወይ?

ጠበቃዋ

እማማ፣ አለዎት። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ወንድማችን ጠራቢው፤ አቤቱታ የምታቀርብበት ጊዜ በሥራ ቀን የሚቆጠር አጭር ጊዜ ነውና ነገ ዛሬ አትበል።

ወረዳዎች የሚሠሩት በክልላቸው የግዥ ሕግ ነው። ሰነዱ ላይ የትኛው አዋጅና መመሪያ እንደተጠቀሰ እይና እሱን አግኝ። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነበር፤ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። የክልሎቹም አካሄዳቸው ይመሳሰላል። መጀመሪያ ግዥ ፈጻሚው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ዘንድ በጽሑፍ ታመለክታለህ። መልሱ ካላረካህ ወይም በጊዜው ካልመጣ አቤቱታ ወደሚሰማው የበላይ አካል ትሄዳለህ። አቤቱታው እስኪታይ ውል እንዳይፈረም በግልጽ ጠይቅ። ብዙ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ይረሳና ውሉ ከተፈረመ፣ ቅድመ ክፍያውም ከወጣ በኋላ ይሟገታል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። አቤቱታህን በዝምድናው አትጀምር።

ለምን? ማስረዳት አትችልም። ሁለተኛ፣ ሕጉ ራሱ እዚህ ላይ ቀዳዳ አለው። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ባለሥልጣን የራሱንና የቤተሰቡን ሀብት ያስመዝግብ ይላል። ቤተሰብ የሚለው ግን የትዳር ጓደኛንና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ጥገኛ ልጆችን ነው። የሚስት ወንድም እዚያ መዝገብ ላይ የለም። አበልጅማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ «ዘመዱ ነው» ስትል «የቱ ሕግ ይከለክላል?» ትባላለህ፤ ክርክሩ የሰው ስም ወደ ማጥፋት ይዞራል።

መስመሯን ያዝ። «በዚሁ ወረዳ» የምትለውን። ልምድ መጠየቅ ይቻላል። ልምዱ የግድ በዚያ ወረዳ የተገኘ ይሁን ማለት ግን ውድድር መዝጋት ነው። ድንጋይ በጎረቤት ወረዳ ሲነጠፍ ሌላ ድንጋይ አይሆንም። ጎረቤት ወረዳ ያስረከብካቸውን ሁለት ሥራዎች ደብዳቤ አያይዝ። የዋጋ ልዩነቱን በብር ጻፍ። ያኔ መልስ መስጠት ያለበት መሥሪያ ቤቱ ይሆናል።

ዝምድናውን ደግሞ በመጨረሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር በጥያቄ መልክ አስገባው። «ከኮሚቴው አባላት መካከል ከተወዳዳሪዎች ጋር የጥቅም ግንኙነት ኖሮት ያሳወቀና ራሱን ያገለለ ስለመኖሩ ከቃለ ጉባኤው እንዲገለጽልን።» በግዥ የሚሳተፍ ሰው የጥቅም ግጭት ካለበት ማሳወቅ አለበት። አሳውቆ ከነበረ ጥሩ፤ ስሙ ይጸዳል። ካላሳወቀ ቃለ ጉባኤው ራሱ ይመሰክራል። ሚዛን፣ ይህ ላንተም ሥጋት መልስ ይመስለኛል። ንግዱን ይዝጋ ያለ የለም። ከዚያች ወንበር ለዚያች ቀን ተነሣ ነው የሚባለው።

እማማ፣ ወደ እርስዎ ስመለስ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ለምን እንደፈለጉት የመናገር ግዴታ የለብዎትም። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከከለከሉዎት እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ውሉን፣ የርክክብ ሰነዱንና የክፍያ ሰርተፍኬቱን ይጠይቁ። ያንን ደረሰኝ ኮፒ አድርገው ያያይዙ።

እማማ ቤት

ተባረኪ ልጄ። ጽሕፈቱን የልጅ ልጄ ትጽፍልኛለች።

ብሎኬት

ጠበቃዋ፣ እሱ ሁሉ ለኃላፊው ነው የሚገባው። ተከሳሹ ራሱ ዳኛ ሆነ ማለት አይደለም? ፀረ ሙስና ለምን አይሄድም?

ጠበቃዋ

ይችላል። ሁለቱ መንገድ አይጣረስም። ግን የተለያየ ነገር ነው የሚያስገኙት። የግዥ አቤቱታ ጨረታውን ሊያስቆምልህ ይችላል። የሙስና ጥቆማ ሰው እንዲመረመር ያደርጋል፤ ያንተን ሥራ በጊዜው አይመልስም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሥልጣንን አላግባብ መገልገልን ወንጀል ያደርጋል፤ ለዚያ ግን ሐሳቡም መረጃም ያስፈልጋል። ከሰነድ ጋር ሂዱ። ለሚፈሩት አባሎቻችሁ ደግሞ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መኖሩን ንገሯቸው። ወረዳ ላይ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ብትጠይቀኝ፣ ከወረቀቱ ያነሰ ነው የምልህ። ለዚህም በአንድ ሰው ስም አታመልክቱ። ስምንታችሁም ፈርሙ።

የረሆቦት ልጅ

ከእስራኤል ነኝ። እዚህ የምሠራው ለማዘጋጃ ቤት የጽዳት ሥራ በኮንትራት የሚወስድ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ትንሽ አውቃለሁ።

እዚህ የማዘጋጃ ቤቶች ሕግ የምክር ቤት አባል፣ ዘመዱ ወይም ከ10 በመቶ በላይ ድርሻ ያላቸው ድርጅት ከዚያው ማዘጋጃ ቤት ጋር ውል እንዳይገባ ይከለክላል። የግድ ከሆነ ከምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከዚያም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዘመድ ሲል ባል ወይም ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት ነው። የሚስት ወንድም እዚህም ስሙ አልተጠራም።

ሕጉ አለና ሌብነት የለም ማለቴ አይደለም። ከንቲባዎች ተከሰው ወህኒ የወረዱበት አገር ነው። እኔን የገረመኝ ግን ነገሩ ገና ውል ሳይሆን «ዝምድና አለህ ወይ?» የሚል ወረቀት ላይ ማስፈረማቸው ነው። የኛም ድርጅት ለጨረታ ሲገባ ፈርሟል። ዋሽተህ ከፈረምክ ወረቀቷ ራሷ ትይዝሃለች። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ገጽ ነው።

ሞዴል 19

የረሆቦት ልጅ ያልከው አንድ ገጽ የእኛም የጨረታ ሰነድ ውስጥ አለ። ተወዳዳሪው ይሞላል። ከኮሚቴው በኩል ያለው ነው የሚሸፈነው። ግምገማ ሊጀመር ሲል ሰብሳቢው «የጥቅም ግጭት ያለበት አለ?» ብሎ ጠይቆ ቃለ ጉባኤ ላይ ሲያሰፍር በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ከሁለቱ በአንዱ አንድ መምህር፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ተወካይ ነበሩ፣ «የእህቴ ልጅ ተወዳድሯል፤ እኔ እወጣለሁ» ብለው ተነሡ። ማንም አልተቀየማቸውም። የእህታቸው ልጅ በዋጋ ተሸነፈ። ያን ቀን ሥራዬን ወድጄው ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

ታዛቢ

ይቅርታ ግን ትንሹን ወረዳ ይዘን ትልቁን እየረሳን ነው። ኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በቴሌቪዥን ቀርበው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ያለ ጨረታ 37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዥ ፈጽሟል ብለው ሲናገሩ ሰምተናል። ከላይ እንዲያ ከሆነ ታች ያለው ምን ይማራል? ለኔ መፍትሔው ኤሌክትሮኒክ ግዥ ነው። በ2014 በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተጀምሯል። ወረዳ ድረስ ይውረድ። ሰው ከሰው ካልተገናኘ ትውውቅም የለም።

ሞዴል 19

ታዛቢ፣ ይውረድ፤ እደግፋለሁ። ቢያንስ ኤንቨሎፕ ጠፋ፣ ገጽ ጎደለ፣ ሰዓት አለፈ የሚባለው ይቀራል። ሰነድ ለመግዛት ሄደህ «አልቋል» መባልም ይቀራል። ግን «በዚሁ ወረዳ» የምትለዋን መስመር ኮምፒውተር አይጽፋትም፤ ሰው ነው የሚጽፋት። እሷ ከገባች በኋላ ማሽኑ ራሱ ጠራቢውን በአንድ ሰከንድ ይጥለዋል።

ሚዛን

ጠበቃዋ ያለችው አሳምኖኛል። በመስመሯ ላይ ከሆነ እኔም ብሆን አመለክታለሁ። ጠራቢው፣ ማመልከቻውን ጽፈህ ስታበቃ በውስጥ መስመር ላክልኝና ሰዋስዉን ልይልህ።

ጠራቢው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

የጠፋሁት ሩጫ ላይ ሆኜ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ ሚዛን፣ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አርመህልኛል።

ባስገባን ቀን መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ኮፒያችን ላይ ቀን ጽፋ ማኅተም አድርጋልናለች። መጀመሪያ «ኃላፊው ሳይመራበት አልመታም» ብላ ነበር። ሞዴል 19 በውስጥ መስመር እንደነገረኝ ቆሜ ጠበቅሁ። አልጮህኩም። ከአንድ ሰዓት በኋላ መታችልኝ።

ከኃላፊው መልስ መጣ። አንድ አንቀጽ ነው። «መስፈርቱ የወረዳውን ተጨባጭ ሁኔታ ያገናዘበ ስለሆነ አቤቱታው ተቀባይነት የለውም» ይላል። ተጨባጭ ሁኔታው ምን እንደሆነ አልተጻፈም። ስለ ጥቅም ግጭት የጠየቅነው ጥያቄ ጭራሽ አልተነካም። ጠበቃዋ ደብዳቤውን አይታ «ይህ ዝምታ ለእናንተ ነው የሚጠቅመው» አለችኝ።

የከፋውንም ልንገራችሁ። ሁለት አባሎቻችን ወጥተዋል። አንዱን ቤቱ ድረስ ሄደው አናግረውታል። ማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አላስጨነቅሁትም። ልጅ አለው። ያቺ ባለ ጂንስ ጓንቷ ልጅ ግን ቀድማ ነው የፈረመችው።

ያልጠበቅሁት ነገርም ሆነ። መክፈቻው ላይ ከእኛ ጋር የነበረው ሦስተኛው ተወዳዳሪ ደወለልኝ። እሱም በዚያችው መስመር ነው የወደቀው። የራሱን አቤቱታ ለየብቻ አስገብቷል። ውሉ እስካሁን አልተፈረመም። ሰኞ ጠዋት እሱና እኛ ሆነን ወደ በላይ አካሉ እንሄዳለን። ስድስታችን ለትራንስፖርት አዋጥተናል።

እማማ ቤት

እግዚአብሔር ይቅደምላችሁ። የኔን ጥያቄ የሕዝብ ግንኙነቱ ተቀብሎኛል፤ ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው። የቀን መቁጠሪያው ላይ አክብቤበታለሁ።

ሞዴል 19

ጠራቢው፣ ሰኞ ከመሄድህ በፊት ሁሉንም ሦስት ሦስት ኮፒ አድርግ። አንዱን አስገባ፤ አንዱን ይዘህ ተመለስ፤ አንዱን ማኅበሩ ቢሮ ሳይሆን ሰው ቤት አስቀምጥ። የኃላፊው ደብዳቤ ኤንቨሎፑንም እንዳትጥለው። ቀን ያለበት ማኅተም ጀርባው ላይ ነው የሚመታው።